የጋሽ ይጠቅማል መታጠቢያ ቤት

ጎረቤቴን ጋሽ ይጠቅማልን ያገኘኋቸው ሰፈራችን ካለው ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው፤ አዲስ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ የሰፈር ሰዎች ነን፤ የተሰነጠቀ ባልዲ እንኳ ሲያዩ «ተዉት፣ ይጠቅማል» ስለሚሉ።

«ደግሞ ሌላ ጀሪካን?» አልኳቸው።

«ይሳቁ መምህር፣ ይሳቁ! ባለቤቴ ነገ ከሆስፒታል ትወጣለች። ውሃ ቢጠፋስ?»

ባለቤታቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ወር ሙሉ ተኝተው ነበርና ደስ አለኝ፤ ጀሪካኑን ተቀብዬ አብሬያቸው ገባሁ።

ቤት የጠበቀችን የባለቤታቸው የእህት ልጅ ናት፤ ነርስ ነች። ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ ይዛ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ጀሪካኑን ስታይ ግንባሯን ያዘች።

«ጋሼ፣ እባክዎን! ያለውን እናውጣ ስል ይጨምሩልኛል?»

«ልጄ፣ አንቺ ውሃ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል አታውቂም።»

«ልክ ነዎት፣ ይጠፋል። ግን እስቲ ከእነዚህ አሥራ አንድ ጀሪካኖች ውሃ ያለው ስንቱ ነው?»

ጋሼ አንድ በአንድ እያነሱ አዩ። ሁለት ብቻ! ሳቄን በሳል ሸፈንኩት፤ የእኔም ቤት ከዚህ አይሻልም። የማይሠራ ልብስ ማጠቢያ፣ እጀታው የወለቀ መጥረጊያ፣ ጠብታ የሌለው የሻምፑ ጠርሙስ እስከ መስኮቱ ተደርድሯል። በሩም ፊቱ በርሜል ስለተገተረበት ከተዘጋ ዘመን አልፎታል፤ በምትኩ አንሶላ ተንጠልጥሎበታል።

«ምን ቸገረን? እኔው ደግፌ አስገባታለሁ፣ መጸዳጃው ላይ አስቀምጣታለሁ» አሉ ጋሼ።

ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ እትዬ ወር ሙሉ ሰው ፊት ነው የተቀመጡት። ትናንት አልቅሰው የለመኑኝ አንድ ነገር ነው፤ ‹ቤቴ ገብቼ፣ ብቻዬን፣ በር ዘግቼ› አሉኝ። እዚህ ካልተቻለ እኔ ቤት እወስዳቸዋለሁ።»

ጋሼ ደነገጡ። «አርባ ዓመት አብረን ኖረን፣ ለእኔ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ይከፋዋል ብለው ነዋ።»

ሽማግሌው ግን በቀላሉ እጅ አይሰጡም። «ቢሆንም መንገድ አለ። ይኸው እኔ አልፍ የለም እንዴ?»

«እንግዲያው በዚህ ይለፉልኝ» ብላ መደገፊያውን አቀበለቻቸው።

ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። ጋሼ ብረቱን ይዘው ሁለት እርምጃ እንደሄዱ በርሜሉና ማሽኑ መሃል ተቀረቀሩ። ቢገፉ እምቢ፣ ቢስቡ እምቢ። ከላይ አንድ ባዶ ጀሪካን ወርዶ ትከሻቸውን መታቸው።

«ጋሼ፣ መጋዘንዎ ውስጥ አንድ ሠራተኛ መተላለፊያ ላይ እንዲህ ቢከምር ምን ያደርጉት ነበር?» አለቻቸው ልጅቷ።

«አፈር ድሜ ነበር የማስግጠው!» አሉና የተቀረቀረውን መደገፊያ አዩት። «እሷን ነው እንዴ በዚህ የማሳልፋት?» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አውጡት። ሁሉንም አውጡት።»

እሰይ የኔ ልጅ! ሃያ ዓመት ሳስተምር ሽማግሌን ሳያሳፍሩ ማሳመንን አልቻልኩበትም። እጅጌዋን ሰብስባ እያንዳንዱን ዕቃ ታነሳለች፤ «ዘንድሮ ነክተውታል?» ትላለች፤ ካልነኩት ይወጣል። ለአንድ ዝገት ለበላው የሳሙና ማስቀመጫ ጋሼ ግማሽ ሰዓት ተከራክረው አሸነፉ፤ ይሁን። የውሃ ስጋታቸውንም አልናቀችባቸውም። ደህና ደህናዎቹን ጀሪካኖች ሞልተን ኩሽና ግድግዳ ሥር አስቀመጥን፤ ክዳን ያለው ትንሽ ባልዲ ብቻ መቀመጫው አጠገብ ቀረ። ሳሙናና ፎጣ ሳይንጠራሩ በሚደረስበት ከፍታ ተሰቀለ። በርሜሉ ሲነሳ ሥሩ ያለው ወለል ጠቁሮ፣ ሻግቶ ተገኘ፤ ለካ ያ ዓመት ሙሉ በቧንቧው ስናሳብብ የከረምነው ሽታ ከዚያ ነው! ወገኖቼ፣ ወለል ሲለቀቅ እግር አይሰናከልም፣ እርጥበት ይደርቃል፣ የተፈለገውም ቶሎ ይገኛል። የታመመ ሰው ደግሞ ክብሩ ይመለስለታል።

በማግስቱ ባለቤታቸው መጡ። መደገፊያውን እየገፉ፣ እያረፉ፣ መታጠቢያ ቤቱ ደረሱ። ጋሼ ሊይዟቸው እጃቸውን ዘርግተው ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። ሴትዮዋ ገቡ፤ በሩን ገፉት፤ ተዘጋ።

ጋሼ ከውጭ ተገትረው ቀሩ።

«አንተ፣ እዚያው ነህ?» አሉ ባለቤታቸው ከውስጥ።

«አለሁ! አለሁልሽ!»

«ታዲያ ሂዳ!»

ጋሼ እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ እየሳቁ ሄዱ።