የአስካለ ጣውንት

በእኛ ጊዜ የለቅሶ ድምፅ ሲሰማ «ማን ሞተ?» ተብሎ አይጠየቅም ነበር፣ አሁንም አይጠየቅም፣ የሚጠይቅ ካለ ከተሜ ነው። ጋቢህን ትከሻህ ላይ ጣል ታደርጋለህ፣ ትሮጣለህ፣ ደጃፉ ስትደርስ ትጮኻለህ፣ አልቅሰህ አልቅሰህ ሲወጣልህ ትቀመጣለህ፣ ከዚያ ከጎንህ ላለው ቀስ ብለህ «ለመሆኑ ማን ነው?» ትላለህ። የመስቃን ሰው እንዲህ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ጎረቤቴ መምህር አለሙ ነው። ከጎጃም አስተማሪ ሆኖ ቡታጅራ መጣ፣ ከቤቴ አጠገብ ቤት ሠራ፣ እዚሁ አረጀ። እኔ ሸምሱ ፊደል አልቆጠርኩም፣ እሱ ደግሞ ቆጥሮ ቆጥሮ ፀጉሩ አለቀ። «አንተ ሸምሱ፣ ላልተማረ ሰው ወሬህ በዛ» ይለኛል። «አንተስ፣ ለተማረ ሰው ዝምታህ አልበዛም?» እለዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን ነው ጥርሳችን የረገፈው።

እና አብሮት ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲገባ ካሴት ትቶለት ሄደ። በካሴቱ ውስጥ ሴትዮ አለች። ምን ዓይነት ሴትዮ! ኦፔራ ዘፋኝ ናት። ድምጿ ወላሂ ከቤቱ ተነስቶ ዘቢዳር ተራራን ይወጣል፣ እዚያ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ ቁልቁል ይመለሳል። አንዷን ቃል ከያዘቻት አትለቃትም። አንድ ጊዜ ያዝ ስታደርጋት ተነስቼ ቤቴ ሄድኩ፣ በሬዬን ውሃ አጠጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ያቺኑ ቃል እንደያዘች ነበረች። አንተ ምን ያስቅሃል? በሬውን ጠይቀው!

የካሴቱ አንደኛው ፊት የገና መዝሙር ነው። ታዲያ በየገናው መምህር ይጠራናል፣ ለእኛ ለሙስሊሞቹ ለውዝና ለስላሳ ለብቻ ይቀርባል፣ ጎረቤታችን ሀጂ ከድር ትራሱን ይደገፋል፣ እና ሴትዮዋ ትጀምራለች። ቋንቋዋን የሚያውቅ የለም። ግን የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ አድርጋ የምትዘምራት አንዲት መዝሙር አለች፣ እሷ ላይ ስትደርስ ሀጂ ከድር ራሱ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ «ቀስ በሉ፣ ልጁ ይነሳል» ይለናል። ለውዝ መላጥ እንኳ እንተዋለን።

የመምህር ሚስት አስካለ ግን «መጣችላችሁ ጣውንቴ!» ትላለች። «ዓመት ሙሉ ስቀቅል የምኖረው እኔ፣ በገና ቀን የምትወደሰው እሷ!» መምህር ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ትከሻውን ነካ ታደርገውና «ኧረ እኔም አለሁ» ትለዋለች። እሱም ዓይኑን ሳይገልጥ እጇን ይይዛል። እንዳላየ ሆኜ ነው እንጂ አይቻለሁ።

ሁለተኛውን ፊት ግን አሰምቶን አያውቅም። «እሱ አሪያ ነው» አለኝ።

«አሪያ ደግሞ ምንድን ነው?»

«በተውኔቱ መሃል አንዱ ብቻውን ይቆምና የሆዱን የሚያወጣበት ዘፈን ነው። እሱን የምንሰማው እኔና አስካለ ነን።»

የባልና ሚስት ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ታዲያ አስካለ ሞተች።

እስቲ ውሃ አቀብሉኝ።

ተቀበረች፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሰው አለቀሰ፣ መምህር አላለቀሰም። አንዲት ጠብታ! «አልቅስ እንጂ፣ ይውጣልህ» ስንለው እንደ ተማሪ «እሺ» ይላል፣ ግን አያለቅስም። ካሴቱን ሳጥን ውስጥ ከተተው። ገና መጣ፣ ቤቱ ዝም። የሚቀጥለውም ገና ቀረበ፣ ዝም። ምግብ ተወ፣ ወሬ ተወ፣ እኔን መስደብ ተወ! ይሄኔ ነው የፈራሁት። ከመክሳቱ የተነሳ በመንገድ ሲያልፍ ጋቢው ብቻውን የሚሄድ ይመስል ነበር። የእድራችን ዳኛ እሱን እሱን እያየ ድንኳኑን ፀሐይ አስመታ። «ምን ቸኮልክ?» ብዬ ገላመጥኩት።

በገናው ዋዜማ የመምህር ልጅ ሰናይት ከአዲስ አበባ መጣች። «አባባ ሸምሱ፣ ከበዓሉ በኋላ ይዤው እሄዳለሁ፣ እዚህ ብቻውን ይሞትብኛል» አለችኝ። ምን እላለሁ? «ልክ ነሽ ልጄ» አልኩ። ቤቴ ገብቼ ግን ሚስቴን ራህመትን «መምህር ከሄደ እኔ ማንን ነው የማበሽቀው?» አልኳት።

«እኔ አለሁ አይደል?»

«አንቺማ ወዲያው ትመልሺልኛለሽ። እሱ እኮ አስቦበት ነው!»

የገና ዕለት ከሰዓት፣ ያሰጣሁትን በርበሬ እያገላበጥኩ ነው፣ ከመምህር ቤት የሴት ጩኸት ተነሳ። ምን ጩኸት! በርበሬው ራሱ ዘሎ የተቀመጠ መሰለኝ። ይወጣል፣ ይሰበራል፣ ደግሞ ይወጣል። «ራህመት! ሰናይት ናት የምትጮኸው! መምህር አለቀ!» አልኩና አጥሩን ዘለልኩ። በዚህ ጉልበቴ! በር ነበረው፣ ግን ሩቅ መሰለኝ።

ሰውም ከየቤቱ ወጣ። ሀጂ ከድር «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» እያለ በአንድ እግር ጫማ መጣ። የእድሩ ዳኛ ድንኳኑን በጋሪ አስጭኖ ደረሰ። እኔ ማንንም አልጠበቅኩም፣ ደጃፉ ላይ ቆሜ ደረቴን እየደቃሁ «ወንድሜ! ወንድሜ! ማን ነው ከእንግዲህ የሚሰድበኝ? ምነው እንደምወድህ ሳልነግርህ! ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳልነግርህ!» እላለሁ። ሰው ሁሉ ይነፋረቃል።

ታዲያ አንድ ሰው ከጓሮ በኩል መጥቶ ከኋላዬ አቀፈኝ። አንገቴ ሥር ገብቶ ያለቅሳል፣ እንዴት ያለ ለቅሶ! መጀመሪያ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» አለ፣ ኋላ «አስካልዬ» አለ። አስካልዬ፣ አስካልዬ። እኔም ሳልዞር «አዎ፣ እሷም፣ እሷም» እያልኩ አለቅሳለሁ። እንዲህ ስንላቀስ ቆይተን ጢሙ አንገቴን ወጋኝና ዞር ብል፣ ሬሳው! «አዑዙ ቢላሂ!» ብዬ ወደ ኋላ ስንደረደር ሀጂ ከድርን ይዤው ወደቅኩ።

ሰናይት ቢላዋና ሽንኩርት እንደያዘች ከማጀት ብቅ አለች። «ምን ሆናችኋል? ማን ሞቶ ነው?»

ጠየቀች! ከተሜ ናት አላልኳችሁም?

ዳኛው ሀጂን ያያል፣ ሀጂ እኔን ያያል፣ እኔ መምህርን አያለሁ። መምህር እንባውን በጋቢው እየጠረገ «የሞተው የሸምሱ ወንድም አይደለም እንዴ? የወልቂጤው?» አለ።

«እሱማ ደህና ነው! እኛ የመጣነው ለአንተ ነው!»

«ለእኔ?»

«አዎ! ሞተህ!»

«ታዲያ ይህች የምታለቅሰው ማን ናት?» አለ ሀጂ ከድር፣ መሬት እንደተቀመጠ። ለካ ድምፁ አሁንም ከቤት ውስጥ ይጮኻል። ሰናይት ሮጣ ገባችና አንድ ትልቅ ጥቁር ስፒከር አቅፋ ወጣች። ለካ አባቷን ደስ ላሰኘው ብላ የዚያን ካሴት ዘፈኖች ከኢንተርኔት ፈልጋ በስልኳ አምጥታለች፣ እና ፊቱ ይሄ ነው ጀርባው ይሄ ነው ሳትል ከአሪያው ጀምራ ለቀቀችው። እሱ ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሲሰማ፣ ጩኸታችንን ሰምቶ መጣ፣ ሲያየኝ ወንድሜን እያልኩ አለቅሳለሁ፣ የአገሩን ወግ ያውቃል፣ ሳይጠይቅ አለቀሰ።

መምህር ስፒከሩን አየ አየና «ጣውንቷ ናት» አለ። «የአስካለ ጣውንት። አለቀሰችላት።» እና ሳቀ። ሳቁን ረስቼው ነበር፣ ወላሂ።

የእድሩ ዳኛ «የወጣ ድንኳን ባዶውን አይመለስም» አለና ተከልነው። እዚያው ተቀመጥን፣ ለውዝ መጣ፣ ሴትዮዋን እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመርናት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«መምህር፣ አሪያ ያልከኝ ይሄንን ነው? ብቻውን ቆሞ የሆዱን የሚያወጣበት?»

«አዎ።»

«እኔስ ደጃፍህ ላይ ቆሜ ያወጣሁት?»

ትንሽ አሰበበት። «እሱም አሪያ ነው።»

«ከእሷ እበልጣለሁ?»

«ድምፅህ ያልተቀባ የጋሪ ጎማ ነው» አለኝ። ሰደበኝ! አልሐምዱሊላህ፣ ሰደበኝ!

ሰናይትም ብቻዋን ተመለሰች። መኪና ላይ ስንሸኛት «አባባ ሸምሱ፣ አደራ» አለችኝ፣ ስፒከሩንም ትታልን ሄደች። ከዚያ ወዲህ በየገናው መጀመሪያ አሪያውን እንሰማለን፣ ማልቀስ ያለበት ያለቅሳል፣ ቀጥሎ የገናውን እንሰማለን። ዛሬም እዚህ የሰበሰብናችሁ ለዚሁ ነው። ይኸው የታሪኩ ባለቤት ጥግ ላይ ተጋድሟል፣ ጠይቁት። መምህር፣ አንዲት ቃል ጨምሬያለሁ?

«በሬ ደግሞ መቼ ነበረህ?» አለ መምህር አለሙ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ፍየል ነበረች። በል አሁን ዝም በል፣ ልጁ ይነሳል።»