ኢታንግ የተላከው ሽማግሌ

እሙዬ የሐጂ ሸሪፍ ሱቅ እንደ ደረሰች ስለ ሙቀቱ አወራች፣ የባሮ ወንዝን መሙላት አነሳች፣ የልጆቻቸውን ጤና ጠየቀች። በሩ ሥር አግዳሚው ላይ የሟች ባሏ ወንድም ወንዳፍራሽ ለስላሳውን ይዞ ተቀምጧል። እሱንም ደህና ዋልክ አለችው፤ ደግ ሴት ናትና። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው ስኳር እንዲመዘንላት ጠየቀች።

«ሐጂ፣ እርስዎ ሲናገሩ ደስ ይለኛል። አለ፣ የለም፣ ነገ ይመጣል... አለቀ። ለአንዳንዱ ግን ፈጣሪ ሲሰጠው አትረፍርፎ ነው፤ ምን ይደረግ?»

ሐጂ ወደ አግዳሚው ሰረቅ አድርገው አዩና ሚዛናቸው ላይ አቀረቀሩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ልጇ ኤልናታን ኢታንግ ነርስ ሆኖ ሲሠራ የአገሬውን የኑዌሩን የጎርደንን ልጅ ኛሩአችን ወደደ። ባለፈው እሑድ ልጅቷን እንዲጠይቅ በሽምግልና የተላከው ወንዳፍራሽ ነበር። ዛፍ ጥላ ሥር ብድግ አለ፤ ከባለድርሻ አካላት ጀምሮ በቅንጅታዊ አሠራር አልፎ ዘላቂ ትስስር ላይ ሲደርስ፣ ጥላው ዞሮ ሰዎቹን ፀሐይ መታቸው። ልጅቷን ግን አንድም ጊዜ አላነሳትም። ኢታንግ ላይ እንዲህ የሚናገር ሰው የሚመጣው ሥልጠና ሊሰጥ ነው። ስለዚህ ጎርደንና ዘመዶቹ በጨዋ ደንብ አጨበጨቡ፤ ሲያበቃም የተሳታፊዎች ውሃ የት እንዳለ ጠየቁ። ኛሩአች ተኳኩላ ጓዳ ብትጠብቅ የሚጠራት ጠፋ። ማታ ለኤልናታን ደውላ፣ ሐሳብህን ቀየርክ ወይ ብላ አለቀሰች። እሙዬን ያንገበገባት ይኸው ነው።

ሱቁ ውስጥ ግን ከዚህ ምኑንም አላነሳችም፤ ከተማው ሁሉ ሰምቶታል። እሷ ያወራችው ስለ አነጋገር ብቻ ነው።

«ሰው ዲስኩር ይለዋል፤ ኧረ ግፍ ነው! ዲስኩርማ ማለቂያ አለው። ዝባዝንኬም አይባል፤ ዝባዝንኬ ተራ ወሬ ነው፣ ይሄ ግን ቃሉ ሁሉ የተመረጠ። ጉራ እንዳንል ጉረኛ ስለ ራሱ ነው የሚያወራ፤ እዚህ ስለ ማን እንደተወራ ማን አወቀ? መራቀቅ ነው እንጂ... ረቀቀ፣ ረቀቀና ሙሽሪት አልታይ አለች። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይሉ የለ? ብርሌው ሲወለወል ውሎ ጠጁ ተረሳ። ዝምታ ወርቅ ነውም ይላሉ። ሰው ለወርቅ ብሎ ዲማ ድረስ ይሰደዳል፤ የኛ ሰው ግን ንጹሕ ነው፣ ወርቅ በእጁም ነክቶ አያውቅ።»

ከኋላዋ ጠርሙሱ አግዳሚው ላይ ጠቅ ብሎ ሲቀመጥ ሰማች፤ አንጀቷ ራሰ።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በሩ ድረስ ግን እንዲሰማ አድርጋ፣ የመጣችበትን ነገረቻቸው። በመጪው እሑድ ሐጂ ራሳቸው ኢታንግ ይሂዱላት። ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ይበሉና ይቀመጡ፤ ኤልናታን በኑዌርኛ ያስጠናቸዋል። ሌላውም ሰው አይቀርም፣ ዘመድ ነው፣ ክብሩ ነው፤ ከፊት ይቀመጣል፣ ትልቁም ሳህን የሚቀርበው ለሱ ነው።

ሐጂ ስኳሩን ቋጥረው ሰጧት፤ እሺ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። እሙዬ አግዳሚው አጠገብ ስትደርስ ቆም ብላ ወደ ሰማይ ቀና አለች።

«ጌታዬ፣ የዘመዴን ዕድሜ እንደ ንግግሩ አርዝምለት። እሑድ ደግሞ... አፉን ከጉርሻ አትለይበት።»