አናጢውና የተዘጋችው ቤተ ክርስቲያን

ሽማግሌው አናጢ እሑድ ረፋድ ላይ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው፣ በተዘጋችው ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። የሕንፃው የጀርባ ግድግዳ ከተሰነጠቀ ወዲህ መሐንዲሶች ማንም እንዳይገባ ከልክለው በሩ በሰንሰለት ታስሯል። ምእመናኑም ከድልድዩ ማዶ ባለ አሮጌ ጋራዥ መሰብሰብ ከጀመሩ ወራት አልፈዋል። አናጢው ግን አንድም ቀን እግራቸውን ወደዚያ አላነሡም። በሩን የጠረቡት፣ አግዳሚዎቹን የሠሩት፣ መስኮቶቹን የገጠሙት እሳቸው ናቸው። በእሳቸው ቤት እዚህ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ታማኝነት ነበር።

አንገታቸውን ደፍተው ሳለ የሰው ጥላ አረፈባቸው። ቀና ሲሉ የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት፤ መምህርቷ።

«እንደምን አደሩ፣ አጎቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺን ደግሞ በዚህ በኩል ምን እግር ጣለሽ?»

«ጸሎቱ ሲያልቅ የታመመ ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው። እርስዎስ ብቻዎን እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ቤተ ክርስቲያን መጥቻለሁ።»

«ተዘግታለች እኮ።»

«ብትዘጋም ቤተ ክርስቲያን ናት። ዘይት በጠገበ ወለል ላይ፣ በጎማ ክምር መሀል የምታደርጉትን ግን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።»

የተማረ ወጣት ሽማግሌ የተሳሳተ ሲመስለው ብዙ ጊዜ ቆሞ ይሟገታል። እሷ ግን ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አጎቴ። ቤተሰብ ስንል ምኑን ማለታችን ነው?»

«ሰዎቹን ነዋ።»

«ቃሉ ውስጥ ግን ቤት አለ።»

«ቢኖርስ?»

«ቤቱ ቢፈርስ ቤተሰቡ ፈረሰ አንልም። ኪራይ ቤት ቢገቡም፣ ዘመድ ጋ ቢጠጉም ያው ቤተሰብ ናቸው። ቤተ እስራኤል ሲባልም ሕዝቡ ነው እንጂ ግንቡ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም መጀመሪያ የክርስቶስ ወገኖች ናቸው፤ ሕንፃው ስሙን ያገኘው ከእነሱ ነው።»

«ተማርሽና ምላስሽ ሰላ» አሉ አናጢው ፈገግ ብለው። «እሺ፣ ሰው መሰብሰቡ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርግ ከሆነ ገበያውስ? እዚያም እኮ ሰው ግጥም ብሎ ይውላል።»

ጥያቄው ውሃ የሚያነሳ ነበርና መምህርቷ ለመመለስ አልቸኮለችም።

«ገበያ ሁሉም የየራሱን ፈልጎ ይመጣል፤ ሲያገኝ ይሄዳል። አንድ ሰው ቢቀር ገበያው አይጎድልም። እኛ ግን የተሰበሰብነው ተመራርጠን አይደለም፤ ጌታ ጠርቶን ነው። እርሱ ራስ ነው፤ እኛ የአካሉ ብልቶች ነን። አንዱን ሲያመው ሌላውንም ያመዋል።»

የአናጢው ፊት ጠቆረ። «እኔ ስቀር ማንን አመመው?»

«ምእመናኑ ሁለት ጊዜ ቤትዎ መጥተው አንኳኩተዋል፤ አልከፈቱላቸውም።»

«ሦስተኛ መምጣት ነበረባቸዋ።»

«ነበረባቸው። እኔም ነበረብኝ። ሥራ በዛብኝ እያልኩ እርስዎን ችላ አልኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

አናጢው ክርክር እንጂ ይቅርታ አልጠበቁም ነበር። ለማንም ያልነገሩትን ያን ጊዜ ተናገሩ።

«ልጄ፣ እኔ ሌላ ምን አለኝ? ሚስቴ አረፈች። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ መጋዝ ከያዝኩ ቆየሁ። ሰው ቆም ብሎ ‹ይህን በር የሠሩት እሳቸው ናቸው› ሲል ግን ሰው ነኝ። በሩ ተዘግቶ ከቀረ እኔ ማን ነኝ?»

«በሩን ከመሥራትዎ በፊትስ ማን ነበሩ?»

«የድሃ ልጅ።»

«በእግዚአብሔር ፊትስ?»

በሰንሰለት የታሰረውን በር ተመለከቱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የተጠመቅሁ ክርስቲያን። ልጁ» አሉ።

«ይህን ስም በሙያዎ አላገኙትም፤ ስለዚህ እጅዎ ሲንቀጠቀጥ አይወሰድብዎትም። ሥራዎ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ስንቱ ኀዘንተኛ እርስዎ በሠሩት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ተጽናንቷል! ግን ሥራዎ ለቤተሰቡ የሰጡት ስጦታ ነው፤ ልጅነትዎን የገዙበት ዋጋ አይደለም። ሕንፃው ግድ ሆኖበት ተዘጋ፤ እርስዎ ራስዎን ለምን ይዘጋሉ?»

መምህርቷ ነገሩን አልገፋችበትም፤ አንዳንድ ነገር እስኪሰርግ ጊዜ ይፈልጋል። ብድግ ብላ አቧራዋን አራገፈች።

«በሉ ልሂድ። ጋሼ ነጎድጓድን ነው የምጠይቀው። ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ አልሰሙም?»

ነጎድጓድ የሚባሉት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆኑ፣ ሲዘምሩ ግን መስታወት የሚያርገበግቡ አዛውንት ናቸው። ዘመናቸውን ሙሉ በቤተ ክርስቲያን የተቀመጡት ከአናጢው አጠገብ ነበር።

«በሬን ዘግቼ ከማን እሰማለሁ?» አሉ አናጢው፤ ሳይጠሩም ተነሥተው ተከተሏት።

የነጎድጓድ ክፍል ጠባብ ናት። አንዲት ልብስ አጣቢ ጥግ ላይ ሳህን ታለቀልቃለች፤ ጥፍሩ ሥር ግሪስ ያልለቀቀው የጋራዡ መካኒክ በሽተኛውን በብብታቸው ይዞ ያገላብጣል። አናጢው የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ። ነጎድጓድ ጆሯቸውን አቀኑ።

«ይህን አረማመድ አውቀዋለሁ። አናጢው፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። መውደቅህን አልሰማሁም ነበር፤ ይቅር በለኝ።»

«በቀኜ በኩል ተቀመጥ። ጋራዡን ተጠየፍከው አሉ። እኔስ ተስማምቶኛል፤ ድምፄ ቆርቆሮውን ሲመታው ሰማይ ቤት እንቅልፍ የለም።»

ሁሉም ሳቁ። አናጢው ግን እንደ መከላከል አሉና «በየእሑዱ እየሄድኩ በሩን አየዋለሁ» አሉ።

«አትቀየመኝ እንጂ እኔ በርህን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ያማረ ነው ይላሉ፤ አምናለሁ። እኔ ቤተ ክርስቲያን መግባቴን የማውቀው ያንተን ሳል በቀኜ፣ የሕፃናቱን ልቅሶ ከኋላዬ ስሰማ ነው። ጋራዡ ውስጥም ሁሉ አለ። በቀኜ ያለው ግን ባዶ ነው፤ ስንት ጊዜ በእጄ ዳብሼዋለሁ።»

አናጢው ማንን እንዳመመው አሁን አወቁ። የወዳጃቸውን እጅ ይዘው ቆዩ፤ እንባቸውን ለመጥረግም አልለቀቁትም። ልብስ አጣቢዋ መዝሙር ስታነሣ ነጎድጓድ ተኝተው አጀቡ፤ አናጢውም ከሥር በቀጭኑ ገቡበት።

ሲወጡ ወደ መምህርቷ ዞር ብለው «ለመሆኑ ጋራዡ በየት በኩል ነው የሚገባው?» አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ሄዱ። ዘይቱ ሸተታቸው፤ ወንበሩም ጎረበጣቸው፤ ይህን አልደበቁም። ነገር ግን ብቻቸውን ይበሉ የነበሩት ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳ የሚጋብዛቸው አላጡም። ነጎድጓድ መራመድ ስላልቻሉም ረቡዕ ረቡዕ ጥቂት ሰዎች ክፍላቸው እየተሰበሰቡ መጸለይ ጀመሩ። በትልቁ ሕንፃ አፏን ከፍታ የማታውቀው ልብስ አጣቢ እዚያ ድምፅ አውጥታ ጸለየች። አንድ ሰው ሲቀር በዚያው ሳምንት ደጁ ይንኳኳል፤ ባይከፍትም ደግመው ደጋግመው ይሄዳሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ሕንፃ አይናቅም። ከዝናብ ያስጠልላል፤ ለጸሎት ጸጥታን ይሰጣል። ግን እምነቱን ሁሉ በድንጋዩ ላይ ያኖረ ሰው ግድግዳ በተሰነጠቀ ቀን ድሃ አደግ ይሆናል። «በልቤ አምናለሁ፤ ሰው አያስፈልገኝም» የሚልም ከአካል እንደ ተቆረጠ ጣት ነው። ልጅነታችን ከአባታችን ነው፤ የምናውቀውም ከወንድሞቻችን መሀል ስንገኝ ነው።

ግድግዳው ተጠግኖ ወደ ሕንፃው የተመለሱ ዕለት ደስታው ለጉድ ነበር። ከጸሎት በኋላ አንዱ ሽማግሌ ተነሥተው «እንግዲህ ቤታችን ስለ ገባን የረቡዑ ይቅር» ቢሉ አናጢው ብድግ አሉ።

«ግድግዳው ስለ ዳነ ነጎድጓድ ተራመደ እንዴ? እኔ ረቡዕ እሄዳለሁ፤ የሚመጣ ይምጣ።»

ረቡዕ ዕለት የመጣው ሰው ክፍሏን ሞልቶ ተረፈ፤ ግማሹ ደጅ ቆሞ ዘመረ።