የኑራ ጥቁር ሳጥን

«ይህን ጥቁር ሳጥን ከሳሎኔ አውጪልኝ! የመብራት ቆጣሪ ነው የሚመስለው።»

«ዩማ፣ እናቴ፣ ፊቱን በደንብ እዪው እንጂ! እንደ መስታወት ያበራል እኮ።»

ማዳምና ልጇ ኑራ ሲጨቃጨቁ እኔ የቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ እየወለወልኩ ነበር። ፊልም የምናይበትን ኮምፒውተር የገጣጠመችው ኑራ ናት፤ ኬዙን፣ የውጭ ሳጥኑንም ራሷ ናት የመረጠችው። ጥቁርና ጠፍጣፋ ነው፤ በማብሪያው ዙሪያ ሰማያዊ መብራት አለው። ማዳም ከወርቃማ ሶፋዎቿ ጋር አልስማማ አላት። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ማዳም «ያ ቢንት»፣ አንቺ ልጅ፣ ብላ ነው የምትጠራኝ፤ በሠራተኝነት በምኖርበት በዚህ ራካ ሰፈር ባለ የዓረብ ቤት ሰናይት የምትለኝ ኑራ ብቻ ናት። ከሰዓት በኋላ ማዳም ስትተኛ ኑራ ምንጣፉ ላይ አጠገቧ አስቀምጣ ፊልም ታሳየኛለች።

ማዳም ድንገት ወደ እኔ ዞረች። «ያ ቢንት፣ አንቺ ፍረጂ። ያምራል ወይስ አያምርም?»

ኑራ በዓይኗ ለመነችኝ። ያምራል ልል ነበር። ግን ማዳም ስትጠይቀኝ እደነግጣለሁ፤ ስደነግጥ ደግሞ የሚታየኝ ሥራዬ ብቻ ነው።

«ፊቱ የጣት አሻራ ይይዛል። ከላይ ያሉት ቀዳዳዎችም አቧራ ይሞላባቸዋል። በቀን ሦስት ጊዜ ነው የምወለውለው» አልኩ።

ማዳም አጨበጨበች። «ኸላስ፣ አለቀ! ሰማሽ ኑራ?»

«ኑራ፣ እኔ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

ኑራ ሽቦዎቹን ነቃቀለች። ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ ፊቷን ከእኔ አዙራ ደረጃውን ወጣች።