ሮምፐር ለብሶ ክርስትና ማንሳት

ከፊትዝሮይ ሰፈር በተሳፈርኩበት ትራም ውስጥ አበሾች ሦስት ነበርን፦ በሩ አጠገብ ብረቱን ይዛ የቆመች ወጣት፣ ከፊቷ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ ሴትዮ፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ እኔ።

«የኔ ልጅ፣ ነጠላ ይዘሻል። ወደ ቤተክርስቲያን ነሽ?» አሏት።

«አዎ እትዬ። የጓደኛዬን ልጅ ክርስትና ላነሳ ነው።»

«በቁምጣ?»

«ሮምፐር ነው፤ ሸሚዙና ቁምጣው አንድ ላይ የተሰፋ። ኦንላይን ሳዝዘው ቀሚስ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ስለብሰው ጉድ ሆንኩ።»

«ሌላ ቀሚስ የለሽም?»

«ሥራዬ ሆስፒታል ነው፤ ያለኝ ሁሉ ሱሪ። አባ አትገቢም ቢሉኝ ሕፃኗን ማን ያነሳታል? ሰማንያ ቀኗ ዛሬ ነው።»

ሴትዮዋ ከቦርሳቸው ጥቁር ጉርድ ቀሚስ አወጡ።

«እንቺ፣ ከላዩ አጥልቂው። ወገቡ ላስቲክ ነው።»

«ቀሚስ ይዘው ነው የሚዞሩት?»

«ሴቶች ልጆቼ በሱሪ እየመጡ በር ላይ ሲያሳፍሩኝ ምን ላድርግ!»

ልጅቷ እዚያው ቆማ አጠለቀችው።

«ውይ እትዬ! ላይኛው እኮ ሸሚዝ መሰለ!»

«ወገብሽ ላይ ያለውን ቀበቶ ፍቺው፣ ከጉርዱ ጋር አይሄድም። ለድግሱ ጉርዱን አውልቀሽ ቀበቶሽን መልሰሽ እሰሪ፤ ያኔ እንደፈለግሽ ዘንጪ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ገላገሉኝ። የት ልመልስልዎት?»

«እኔም ወደዚያው ነኝ። ከቅዳሴ በኋላ ትሰጪኛለሽ። ነይ ደግፊኝ፣ ደርሰናል።»

ተያይዘው ሲወርዱ ነው መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ እንዳለፍኩ ያወቅሁት።