የኢያቄም ምክርና የገዲሴ ክኒን

የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪው ኢያቄም ነጭ ጋዋኑን በዛሬው ዕለት ያሳጠበ መሆኑን ለመላው የላፍቶ ሕዝብ ስናበስር ታላቅ ክብር ይሰማናል። ሰኞ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ልምምድ ይጀምራል፤ እሱ ግን "ዕረፍት ልወጣ ነው" ይላል።

ይህንኑ በታክሲ ሰልፍ ላይ ሲያወራልኝ ጎረቤታችን ጋሽ ጉተማ ደረሱና ክንዱን ይዘው ከሰልፉ አወጡት። ከሰልፍ መውጣት በእኛ ሰፈር ቀላል መሥዋዕትነት አይደለም። እኔም ለጆሮዬ ስል ወጣሁ።

"ዶክተር" አሉት፤ ሰፈሩ ማዕረጉን የሰጠው ገና ዩኒቨርሲቲ የገባ ዕለት ነው። "ልጄን ገዲሴን ክኒንሽን ተዪ ያልካት አንተ ነህ?"

"ጤነኛ ናት እኮ ጋሼ። ስትስቅ ስትጫወት አያታለሁ። ምን ያደርግላታል ብዬ ነው።"

"እኔስ ስኳር እያለብኝ ስስቅ አላየኸኝም? የእኔን መርፌ ለምን አላስተውከኝም?"

"ስኳር በመሣሪያ ይለካል። የአእምሮ ሕመም ግን... እኛም ጋ ክፍሉ ሌላው ያቃተው የሚገባበት ነው ይባላል።"

"እኔ እለካዋለሁ። አራት ሌሊት አልተኛችም። ዛሬ የስፌት መኪናዋን ደጅ አውጥታ አላፊ አግዳሚውን ውሰዱ ስትል ደረስኩ። በዚያ ክኒን ስድስት ዓመት ልብስ ሰፍታ ኖራለች። ጠበል ስወስዳት እንኳ ቄሱ መድኃኒቷን ይዛ ትምጣ ነው ያሉኝ። ቄሱ ያልከለከሉትን አንተ በየትኛው ትምህርት ከለከልክ?"

የተማረ ሰው ሲጠየቅ መጀመሪያ ስልኩን ያያል። ኢያቄምም አየ።

"ገና አልተማርኩትም" አለ በመጨረሻ።

"እንግዲያው ክኒኑን ዋጪ ስላት እኔን እንቢ ብላኛለች፤ አንተን ትሰማለች። ሄደህ ተሳስቻለሁ በላት።"

ይህች ቃል በሕክምና ትምህርት ቤት በስንተኛው ዓመት እንደምትሰጥ አላውቅም። ገዲሴ ቤት ድረስ ሄዶ ግን "ተሳስቻለሁ" አላት።

"ዶክተርም ይሳሳታል?" አለች ገዲሴ፣ ግቢው ውስጥ እየተንጎራደደች።

"ዶክተር አይደለሁም፤ ተማሪ ነኝ። ሐኪምሽ ጋ አብሬሽ ልሂድ።"

ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አነሣች።

ውድ አንባቢ፣ ትርፉን ልንገርህ። ሐኪሟ መድኃኒቱን እንደገና አስጀመራት። ቀስ በቀስ እንቅልፏ ተመለሰ፣ በሁለተኛው ወር ስፌቷን ቀጠለች። ጋሽ ጉተማም እንዳትወጣ ብለው ሌሊት በር መጠበቅ ተዉ። የሰፈሩ መካሪ ሁሉ አፉን ዘጋ ብዬ አልዋሽህም፤ ቢያንስ ክኒን ከማስተው በፊት ሐኪም መጠየቅን ለምዷል።

ኢያቄም ደግሞ ልምምዱ ሲያልቅ አንድ ወር ይጨመርልኝ ብሎ አመለከተ። የክፍል ጓደኛው ሚሳኤል ማመልከቻውን አይቶ ሳቀ።

"አንተ ለቀዶ ሕክምና የተፈጠርክ ሰውዬ፣ እዚያ ምን ልትሠራ? ማነው ያሳመነህ?"

"አልነግርህም" አለው ኢያቄም፤ "የታካሚ ምስጢር ነው።"