«የለችም» የተባለችው እናት

ሰው መጠርጠር ጥሩ አይደለም የሚሉኝን ሰዎች እኔ ራሳቸውን እጠረጥራቸዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ «ክኒኔን ውጫለሁ» ብሎ የሚምል በሽተኛ ትራሱ ሲነሳ ክኒኑ ከሥሩ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ወላጅ አልባ ልጆች የሚያድጉበት ቤት በር ላይ አንዲት ወጣት ሴት ማህደር ታቅፋ ባገኘኋት ጊዜ በልቤ ያልኩት «ይቺ ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?» ነበር።

«እማማ ቁልፌ አሉ?» ብላ ዘበኛውን ጠየቀችው።

«የሉም» አለና በሩን ገርበብ አደረገው።

እማማ ቁልፌ የቤቱ ኃላፊ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን ወገባቸው ላይ የታሰረውን ቁልፍ በቀን አሥር ጊዜ «ቁልፌስ?» እያሉ ስለሚፈልጉት፣ ልጆቹ ያወጡላቸው ስም በዚያው ጸድቆ ቀረ። እኔ ዘወትር ሐሙስ እየሄድኩ የልጆቹን ዓይንና የራስ ቆዳ እመረምራለሁ። ለሠላሳ አራት ልጆች ሦስት ሞግዚቶች ብቻ ናቸው ያሉት። በአንድ ፎጣ አራት ልጅ ስለሚጠቀም፣ ዛሬ ያዳንኩት ዓይን በሳምንቱ ተመልሶ ቀልቶ ይጠብቀኛል።

እማማ የሳሙና ካርቶን አሸክመው ሲመጡ ሦስታችንም አብረን ገባን። ወጣቷ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ መሆኗን፣ የልጆች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እንደላካት፣ ዘመድ ያላቸውን ልጆች ወደ ዘመዶቻቸው ለመመለስ እንደመጣች በትሕትና አስረዳች። እማማ ደብዳቤዋን ተቀብለው ማኅተሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አዩት፤ ገልብጠውም ጀርባውን አዩት።

«ወረቀቱስ ደህና ነው» አሉ። «ወረቀት ግን ያታልላል፣ ልጄ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሰውዬ መጣ፤ ክራባት ያሰረ፣ አፉ ማር የሆነ። አጎቷ ነኝ ብሎ አንዲት ልጅ ወሰደ። ልጠይቃት ብዬ በሰጠኝ አድራሻ ብሄድ ቤቱ የተዘጋ መጋዘን ሆኖ አገኘሁት። ይኸው እስከ ዛሬ ያቺን ልጅ አፋልጋለሁ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ በር ልጅ አላስወጣም።»

ይህን ሲሉ ወገባቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ዳሰሱ። እኔም ጥርጣሬያቸውን በሙሉ ልቤ ደገፍኩ።

ወጣቷ ግን፣ «እማማ፣ በመጠርጠርዎ አልወቅስዎትም» አለች። «ያን ጊዜ ያጠፋው ሳይጣራ መስጠቱ ነው። አሁን ደግሞ ሳይጣራ እየተከለከለ ነው። ልጆቹ አሥራ ስምንት ሞልቷቸው ከዚህ ሲወጡ የት ይሄዳሉ?»

«ሥራ ይፈልጋሉ። አስተምሬያቸው የለ?»

«ሲታመሙስ? ሲያገቡስ? ማን ከጎናቸው ይቆማል?»

እዚህ ላይ ሳልወድ በግዴ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ዓመት በዚህ ቤት ያደገ አንድ ጎልማሳ ታሞ እኛ ክፍል ተኝቶ ነበር። ቅጹ ላይ «የቅርብ ዘመድ» በሚለው ቦታ የጻፈው የዚህን ቤት ዘበኛ ስም ነው። ይህን ነገርኳቸው። እማማ በቁጣ አዩኝ።

«ዶክተር፣ አንተም ከእሷ ወገን ሆንክ?» አሉኝ። ዶክተር አለመሆኔን ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። «ና እስቲ፣ ያቺን ተመልከት።»

በመስኮቱ አየን። ከመንገዱ ማዶ፣ ከጎማ ጠጋኙ ቤት ጥግ፣ ሰማያዊ ሻርፕ የደረበች ቀጭን ሴት ቆማ ወደ ግቢው ትመለከታለች።

«ሦስት ወር ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ትቆማለች» አሉ እማማ። «ሁለት ጊዜ መጥታ እዚህ የምናሳድጋት የሚጡ እናት ነኝ አለችኝ። የሚጡ እናት እኮ ሞታለች። እንዲህ ዓይነቷን ሌባ እመኚ ነው የምትዪኝ?»

እውነቱን ልናገር። «ይቺ ሴት ልጆቹ ለምርመራ ፀሐይ ላይ ሲሰለፉ እያየች ጤነኛዋን ልትመርጥ ነው» ብዬ ለእማማ ሹክ ያልኩት እኔ ነኝ።

«እናቷ መሞቷን ማን ነገረዎት?» አለች ወጣቷ።

እማማ መዝገቡን አውጥተው ገለጡላት። በጥሩ የእጅ ጽሕፈት «እናት፦ በሞት የተለየች» ይላል። ወጣቷ ግን መዝገቡ አዲስ መሆኑን አይታ አሮጌውን ለመነቻቸው። እማማ ቁልፋቸውን ፈልገው ሳጥኑን ከፈቱ። ልጅቷን ጎረቤት ባመጣቻት ዕለት እማማ በገዛ እጃቸው የጻፉት «አባት፦ ሞቷል። እናት፦ የለችም» የሚል ነበር።

«ያው አይደል?» አሉ እማማ። «ጸሐፊው ሲገለብጠው አሳመረው እንጂ፣ የለችም ማለት ሞታለች ማለት ነው።»

«እማማ፣ ዛሬ ጠዋት ዘበኛውን እርስዎ እንዳሉ ጠይቄው ‹የሉም› ብሎኛል። እርስዎ ሳሙና ሊገዙ ወጥተው ነበር።»

እማማ አሮጌውን መዝገብ ወደ ራሳቸው ስበው ጽሕፈታቸውን እንደገና አነበቡት። እኔ ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ሳቄ ጠፋ።

ወጣቷ ራሷ ወጥታ ሴትየዋን አስገባቻት። ሴትየዋ የወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለች። በሳንባ ነቀርሳ ታማ ስምንት ወር ሌላ ከተማ ሆስፒታል እንደተኛች፣ ስትመለስ ልጇን አደራ ያለቻት ጎረቤት ቤት ቀይራ እንዳጣቻት፣ ሚጡን አፈላልጋ እዚህ እስክትደርስ ወራት እንደፈጀባት ተናገረች።

እኔ ደግሞ ላጠምዳት ፈለግሁ። «መድኃኒቱን ስትጀምሪ ምን ተሰማሽ?» አልኳት።

አፍራ መሬት መሬት አየች። «ሽንቴ ቀላብኝ። ደም መሰለኝና ሞቴ ደርሷል ብዬ ሳለቅስ አደርኩ። ጠዋት ነርሷ ሳቀችብኝ።»

ሽንት እንደሚያቀላ ያንን መድኃኒት ለጀመረ ሰው ሁሉ የምነግረው ነገር ነው፤ ልቤ ወዲያው ተቀበላት። እማማ ግን፣ «መታመሟ እውነት ይሁን። እናትነቷስ?» አሉ።

«ትክክል ነዎት» አለች ወጣቷ። «እሱን ነው የምናጣራው። ዛሬ ልጅ ስጡ አላልኩም።»

በአሮጌው መዝገብ ላይ ጎረቤቷ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ መሆኗ ተጽፎ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ተገኘች። ሴትየዋን ስታያት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያ ወደ እማማ ዞራ፣ «‹የለችም› ስልዎት ሆስፒታል ናት ማለቴ ነበር። የት ሄደች ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለቻቸው።

ሚጡ ተጠራች። ሰባት ዓመቷ ነው። መጥታ ከእማማ ቀሚስ ኋላ ተሸጎጠች።

«እናትሽ ናት» አሏት እማማ።

«ሞታለች ብለውኝ አልነበር?»

«ብዬሽ ነበር። ሳላጣራ ነው ያልኩሽ። ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።»

ሚጡ ከቀሚሱ ኋላ አንገቷን ብቅ አደረገች። እናቷን ትክ ብላ አየቻት። «ታዲያ ለምን አልመጣሽም?»

«መጥቼ ነበር። ማዶ ቆሜ አይሽ ነበር።»

«አይቼሻለሁ» አለች ሚጡ። «ሌባ ናት፣ ስትጠራችሁ እንዳትሄዱ ብለውናል።»

እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ለአዋቂ ሹክ ያልኩት ጥርጣሬ በልጅ አፍ ተመልሶ መጣብኝ።

ሚጡ የዚያን ዕለት አልተሰጠችም። እናቷ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየመጣች፣ ወጣቷም ቤቷን እየጎበኘች አንድ ወር ሞላ። ከዚያ ሚጡ እናቷን ይዛ ወጣች፤ ክትትሉም ቀጠለ። ዓመቱ ሳያልቅ ከቀሩት ልጆች የዘጠኙ ዘመድ፣ የአንዱ አክስት፣ የሌላዋ አያት፣ ተገኝቶ፣ ተጣርቶ ተቀበላቸው። ሦስት የመጡ ሰዎች ደግሞ ውሸታቸው ሲጣራ ወጣና ከበር ተመለሱ። እማማ ስለ እነዚህ ሦስቱ ዛሬም በኩራት ያወራሉ። በእርግጥ ማንም የሌላቸው ልጆች እዚያው ይኖራሉ፤ አሁን ግን ሞግዚቶቹ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ጠርተው ለማቀፍ ጊዜ አላቸው። ለእያንዳንዱም የራሱ ፎጣ ስለደረሰው የእኔ የሐሙስ ሥራ በግማሽ ቀንሷል። ይህን የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ቤት የምታስተዳድሩ፣ እንደ እኛ ተጠራጥራችሁ እዚያው ላይ የቆማችሁ ሁሉ ጠይቃችሁ እንድትጨርሱት ነው።

ያ ሁሉ ፍለጋ የተጀመረው ሚጡ በሄደች ማግስት ነው። ሐሙስ ነበርና ጠዋት ስገባ ልጆቹ በእማማ ቢሮ በር ላይ ተሰልፈዋል። እኔን የሚጠብቁ መስሎኝ ዕቃዬን ማውጣት ጀምሬ ነበር። አንድ በአንድ እየገቡ ግን ሁሉም ያንኑ ይጠይቃሉ፦ «የኔ እናትስ በእውነት ሞታለች?»

በሕይወታቸው «አላውቅም» ሲሉ ሰምቻቸው የማላውቃቸው እማማ፣ «አላውቅም፣ ልጄ። ተቀመጥ፤ የምታስታውሰውን ንገረኝ፤ እንጠይቃለን» ይላሉ። ለሚቀጥለውም እንደዚያው፤ ለሚቀጥለውም።

የመጨረሻዋ ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ነበረች። እሷ አልጠየቀችም። «የኔ እናት ግን ማዶ ቆማ አታውቅም። በየቀኑ አያለሁ» አለች።

እማማ ቁልፌ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት። «እኔም አላየኋትም» አሏት። «ቢሆንም እንጠይቃለን።» የልጅቷንም ስም ከሁሉ በፊት ጻፉት።